ሌሊትን በሜትር

በቫርዶ፣ በደሴቱ ጫፍ፣ ከበረዶው ባሕር ላይ፣
ሐምሌን ሙሉ አትተኛም፣ አታስተኛም ፀሐይ።
እኩለ ሌሊት ነው፤ ጎረቤቴ ኦስሂልድ አጥሯን ትቀባለች፤
ድመቷ ከራሷ ጥላ ጋር ትጣላለች።

እኔስ ለምጄዋለሁ።
አይሊፍ ግን፣ ባሌ፣ ልቡን ቀደው ሰፍተው ከሰደዱት ወዲህ
እንቅልፍ አላረፈበትም፤ ይገላበጣል በዚያ፣ በዚህ።
(ደረቱ ላይ ያለውን ስፌት አየሁት፤ ተጨማዷል፤
እኔ ብሆን እተረትረዋለሁ፤ ሐኪም ግን ያልፈዋል።)
"ጨለማ ስጪው" አሉኝ፤ "ይተኛ፣ ይተኛ" አሉኝ።
ጨለማ የት ይሸጣል? ማን በሐምሌ ያበድረኝ?

የመጋረጃ ሱቁ ሰውዬ ደብተሩን ገልጦ
የሁለት መስኮት ዋጋ ነገረኝ፣ ጥርሱን አግጦ፤
መስቀያው ለብቻ፣ ከላይ የሚደፋው ግንባር ለብቻ፤
በዚያ ገንዘብ ጀልባ ይገዛል፤ መቅዘፊያ መዋስ ነው ብቻ።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከሸክላ ሳህኖች ሥር፣
የመጋረጃ ንድፍ አገኘሁ፣ በፖስታ የታሸገ ምሥጢር።
ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት፣ ወገቧ ቀጭን፣ ፈገግታዋ ሰፊ፣
በታኮ ጫማ የቆመች፣ ጣቷን መርፌ ያልነካው ሰፊ።
ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ አንዴ ከተፈታ
ወደ እጥፋቱ አይገባም፣ ቢለምኑት ጧት ማታ።

አሥሬ ለካሁ መስኮቱን፤ አሥሩም ልክ ተለያየ፤
ለካ ቤቱ ወደ ባሕር ዘሟል፣ ሁለት ጣት፣ ሰው እያየ።
እሺ፤ መጋረጃውም ከቤቱ ጋር ይዝመም፤
ቀጥ ያለ ጨርቅ በዘመመ ቤት ለዐይን አይጥምም።

ጨርቁ ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ ወፍ የፈሰሰበት።
ገበሩ ግን ሬንጅ ነው፣ ብርሃን የማያልፍበት።
"ስንት ሜትር?" አለች ሻጯ፣ ሌሊቱን እየዘረጋች።
"አሥራ አንድ" አልኋት፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቆረጠች።
አሥራ አንድ ሜትር ሌሊት በትከሻዬ ተሸክሜ
በጠራራ ፀሐይ ቤቴ ገባሁ፣ ደክሜ።

የአማቴ ሲንጀር ተነሣ፤ ዘይት ጠጣ፣ ሁለቴ ሳለ፤
መርፌው ሦስት ጊዜ ተሰበረ፣ በአራተኛው "እሺ" አለ።
ሽንሽን ሆዳም ነው፤ ለአንድ ክንድ ሁለት ክንድ ይበላል፤
በጥፍርሽ ካልጫንሽው ደግሞ ተኮሳውን ይክዳል።
ስፒል በከንፈሬ ነክሼ ወለሉን በጉልበቴ ዞርሁት፤
አይሊፍ "ምሳስ?" ሲለኝ በቅንድቤ መለስሁለት።

ከዚያ አየሁት። አንዱ ቁራጭ ተገልብጧል።
ወፎቹ በጀርባቸው ይበራሉ፤ ጨርቅም አልቋል።
ጥቂት አለቀስሁ፤ ሻይ አፈላሁ፤ ደግሜ አየኋቸው፤
በእሱ ራስጌ ይሰቀሉ፤ ለተጋደመ ሰው ቀና ናቸው።

ከንድፉ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንድ መስመር፤ በእርሳስ አሰመርሁበት፤
"መጋረጃ ቀጥ የሚለው በየማዕዘኑ ነው እርሳስ ሲጨመርበት።"
የሱቁ ጉድ ይህ ነበር ለካ!
እርሳስ ከየት? የአይሊፍ የዓሣ ሣጥን ከደረጃው ሥር ተቀምጧል፤
እስከ መስከረም ባሕር እንዳይወጣ ሐኪሙ ከልክሎታል።
ስምንት ሰረቅሁ። ስምንቱንም በቅምቅማቱ ውስጥ ቀበርሁ፤
ላይ በመንጠቆ፣ ታች በእርሳስ፣ መስኮቱን እንደ ዓሣ አጠመድሁ።

ኦስሂልድ ብሩሿን ጥላ መጣች፤ ግንባሩን ዳበሰች፤
"ከየትኛው ሱቅ ነው?" አለች።
ዝም አልሁ። ዝምታ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

ሳብሁት። ሌሊት ሆነ።
አይሊፍ አንድ ቃል ጀመረ፤ መካከሉ ላይ አንኮራፋ።
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። ከበሩ ቆሜ ሰማሁት፤ የኔም ደረት ሰፋ።

ሲነቃ ከደረጃው ሥር ሣጥን ሲያተራምስ ሰማሁ።
"ጉንቮር፣ እርሳሶቼስ?"
"እርሳቸው" አልሁ።
ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ፤ ጨርቁ ግድግዳውን መታ፤ ኳ።
ደግሞ፤ ኳ።
መጣ። ተንበረከከ። ቅምቅማቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
እንደ ገመድ ቀስ አድርጎ ሳበው፣ ትንፋሹን ዋጠ፣
"ይዟል" አለ።